በቁምህ ያስረከብከው መንጋ

ውዴ ታዬ፣

ከተለያየን ሦስት ፋሲካ አለፈ። አራተኛው በመንገድ ላይ ነው፤ የጎረቤቶቻችን ጾም ተጋምሷል፣ አምቦም እንደ ልማዷ ጠዋት ጭጋግ ለብሳ ቀን በፀሐይ ትከፈታለች። ሙታን ደብዳቤ እንደማያነቡ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። አልረሳሁትም። ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ የውሎዬን ሳልነግርህ ያደርኩበት ቀን ስለሌለ፣ ይህን ያህል የከረመ ወሬ ይዤ ዝም ማለት አቃተኝ። የምጽፈው ለአንተ ነው። መንጋ የሚጠብቁ ሰዎች ከትከሻህ በላይ አሻግረው ቢያነቡት ግን አልከለክልም፤ አንተም አትከለክልም ነበር።

እስከ ዛሬ የዘገየሁት ሐዘን አስሮኝ አይደለም። ወሬው ስላላለቀ ነው። አንተ ግማሽ ወሬ አትወድም። ገና ከበር ስገባ ማውራት ስጀምር «ዲንቄ፣ መጨረሻውን ይዘሽ ነው የመጣሽው ወይስ ገና መሃሉ ላይ ነሽ?» ትለኝ ነበር። ይኸው መጨረሻውን ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤታችን። ኮብልስቶኑ እስከ በራችን ደርሷል። በክረምት ጫማህን ደጅ አውልቀህ በካልሲ የምትገባበት ዘመን አለፈ። ባጃጅም እስከ አጥሩ ይመጣል፤ ሹፌሮቹ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ክላክስ ያደርጋሉ። ሰዎችን ተቀብለህ ታነጋግርበት በነበረው ክፍል ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተውበታል። ልብስ ሲያጥቡ መዝሙርና ዘፈን እየቀላቀሉ ይለቁታል፤ መዝሙሩን እሰማለሁ፣ ዘፈኑ ሲመጣ ጆሮዬ ይደክማል። ልጃችን ሌንሳ ነቀምቴ ሆና ሴት ልጅ ወልዳለች። ናኦሚ ብላታለች። አፍንጫዋ የአንተ ነው፤ ምን ይደረግ፣ በጸሎት የሚለወጥ ነገር አይደለም። እኔ መነጽር አድርጌያለሁ። ጓሮ የተከልከው ቲማቲም በእኔ እጅ አልበጀውም፣ በቦታው ጎመን አለ።

ዋናው ወሬ የጉባኤያችን ነው። እሱን ለመንገር ግን አንተ መድረኩን ከለቀቅክበት ቀን መጀመር አለብኝ፤ የሆነው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ልብህ መድከም የጀመረ ጊዜ ሐኪሙ ዳገትና ደረጃ ከልክሎህ ነበር። አንተ ግን ጤናህ ሳያስገድድህ በፊት ነገሩን ጨርሰኸው ነበር። ሽማግሌዎቹን ቤታችን ሰብስበህ «እኔ ቆሜ ሳለሁ ሌላ መጋቢ ምረጡ» አልካቸው። ደነገጡ። አንዱ «መጋቢ፣ ጌታ እስኪወስድዎ ይምሩን እንጂ» ሲልህ ሳቅህ መጣ። «እሱ እስኪወስደኝ ከጠበቃችሁ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ልትመርጡ ነው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለቲማቲም ዋጋ እንኳ አይከራከርም» አልክ። ማንን እንደምትፈልግ ጠየቁህ። ከአፍህ ስም አልወጣም። እንዲጸልዩ፣ እንዲነጋገሩ፣ ስማቸውን ይዘው እንዲመጡ ብቻ ነገርካቸው።

ይዘው የመጡት ስም የገመቹ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ገመቹ፣ በየስብሰባው እጁን አውጥቶ «መጋቢ፣ በዚህ አልስማማም» የሚልህ ሰው። ያን ቀን ፊትህን አይቼው ነበር። ደስ ያለህ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኩህ። በዝግታ ትራመድ ነበር፣ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው እየቆምክ ትተነፍስ ነበር። «ፊቴ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ጀርባዬ ላይ አያማኝም፤ ይሁን፣ ጥሩ መርጠዋል» አልከኝ። ከዚያ አንድ ምሰሶ አልፈን ደግሞ «ግን አንዳንዴ ትንሽ ያበዛዋል» አልክ።

እሑዱን አስታውሰዋለሁ። እጅህን ጭነህበት ጸለይክ፣ ከመድረኩ ወረድክ፣ መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥክ። በትዳር ዘመናችን በአምልኮ ሰዓት ከጎኔ ስትቀመጥ የመጀመሪያህ ነበር። እጄን ያዝከው፤ መዳፍህ በላብ ርሷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ «አሁን ምን ይደረጋል?» አልከኝ። «ስብከት ይሰማል» አልኩህ። ትከሻህ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያሉት እያለቀስክ መስሏቸው እነሱም አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ያደረግከውን ነገር ከስብከቶችህ ሁሉ የበለጠ አከብረዋለሁ። ሰው በገመቹ ቅር ባለው ቁጥር ወደ ቤታችን ይመጣ ነበር። ስብከቱ ረዘመ፣ መዝሙሩ አጠረ፣ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባና ስወጣ እሰማለሁ። አንተ እስከ መጨረሻው ትሰማለህ፣ ከዚያ «ለራሱ ነግረኸዋል?» ትላለህ። አልነገርኩትም ይላል። «እንግዲያው ተነሥ፣ አብረን እንሂድ፤ ብቻህን ከፈራህ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» ብለህ ኮትህን ታነሣለህ። ያኔ አብዛኛው «ኧረ ተወው መጋቢ፣ ያን ያህልም አይደለም» ይላል። ያን ያህል የሆነባቸውን ግን በደካማ ልብህ ገመቹ ቤት ድረስ ወስደህ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠህ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትመለስ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣው ፈተና የሰዓት ነበር። ሲሰሙት ያስቃል። የሰዓት ጉዳይ ሆኖ ግን ጉባኤያችንን ሊያፈርሰው ነበር።

ታውቀዋለህ፤ ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በአፋን ኦሮሞ ነበር የምናመልከው። አዳራሹ በተሠራ ጊዜ የጠዋቱ ይበዛ ነበር፣ ስለዚህ ጠዋቱን ያዘ። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ተገለበጠ። የጠዋቱ ጉባኤ ልጆቹ አዲስ አበባ እየገቡ፣ ሽማግሌዎቹ እያለፉ፣ ወንበሩ ሳሳ። የከሰዓቱ ደግሞ ከጉደርም፣ ከጊንጪም፣ ከጭልሞ ጫካ ዳርም እየመጣ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረለት። ከሩቅ የሚመጡት አምልኮው ሲያልቅ ሚኒባስ አያገኙም። ስለዚህ «ጠዋቱን ስጡን፣ በጊዜ ወደ ቤታችን እንግባ» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ዘነበ ናቸው ነገሩን ያከረሩት። የአንተው ጓደኛ፣ አዳራሹ ሲሠራ ከአንተ ጋር ከሁሉቃ ወንዝ ድንጋይ የተሸከሙት። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጡ ወዲህ ሕይወታቸው ያ አዳራሽ ነው፤ መስኮቱን ይጠርጋሉ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ። «በትከሻችን ድንጋይ ተሸክመን የሠራነው ቤት ውስጥ እንግዳ ልንሆን ነው?» አሉ። አባባላቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየከረረ ወጣቶቹ ጋ ደረሰ። እነሱም መለሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሰዓት መሆኑ ቀረ፤ የቋንቋ ሆነ፣ የዘር ሆነ፣ በአገሩ ሁሉ የሚነፍሰው ነፋስ በእኛም መስኮት ገባ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የከሰዓቶቹ መዘምራን ልብሳቸውን ለብሰው ቀድመው መድረኩ ላይ ወጥተው ጠበቁን። የጠዋቶቹም ደረሱና ወጡ። ሁለት የመዘምራን ቡድን በአንድ መድረክ ላይ፣ ማይክሮፎኑ ላይ ሁለት እጅ። ጋሽ ዘነበ ከታች ሆነው «ውረዱ!» ይላሉ። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ቤቱ የጌታ ነው ወይስ የእርስዎ?» አላቸው። አጥሩ ላይ መንገደኛ ተሰብስቦ ያየናል። ታዬ፣ ያን ቀን አንተ ባለመኖርህ ደስ አለኝ።

ገመቹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው ማይክሮፎኑን ቀምቶ እንዲገሥጽ ነው። እሱ ግን ሄዶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ጸጥ ሲል፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ በተራ ድምፅ «ዛሬ አምልኮ የለም። እንዲህ ሆነን ለእግዚአብሔር የምናቀርበው ነገር የለንም። ወደየቤታችሁ ግቡ» አለ። ሰው ሁሉ እየተያየ ወጣ። አንዳንዱ እንደተቆጣ፣ አብዛኛው እንዳፈረ።

ወዲያው ወደ እኔ መጣ። «እትዬ ዲንቂቱ፣ መጋቢ ታዬ ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ።

የምመልስለት ነገር ነበረኝ። ብዙ ነገር። አንተ ያልከውን፣ ልትለው የምትችለውን፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ልጁን ሳየው አንተን ጠርቼ ከፊቱ ባቆምህ፣ ዕድሜ ልኩን በአንተ ጥላ ውስጥ እንደሚኖር ገባኝ። «ታዬ የለም፤ መጋቢው አንተ ነህ። አንተ ምን ልታደርግ አስበሃል?» አልኩት። «መጀመሪያ ቤታቸው ልሂድ» አለ።

ያንን ከማን እንደተማረ አውቃለሁ። ስልኩም መንገዱም በተዘጋባቸው በእነዚያ ክፉ ወራት፣ አንተ እሱን አስከትለህ ከቤት ወደ ቤት ትዞር ነበር። የማን ልጅ እንዳልተመለሰ፣ የማን መድኃኒት እንዳለቀ፣ የማን ቤት እሳት እንዳልነደደ በእግርህ ሄደህ ታይ ነበር። የእኛ ምእመን ይሁን የጎረቤት ሙስሊም ነጋዴ አትለይም። እሱም ከኋላህ ሆኖ ጫማው እስኪበሳ ተከትሎሃል። ያኔ ምንም ያስተማርከው አይመስለኝም ነበር፤ አብራችሁ ስትሄዱ የምታወሩት ስለ እግር ኳስ ነበር።

ገመቹ ያን ሰሞን ሁሉንም ቤት ዞረ። ሄዶ አይከራከርም፤ ይሰማል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጸልዮ ይወጣል። እኔም ከአንተ በኋላ በሽማግሌነት ስለመረጡኝ፣ ሴቶች ብቻ ያሉበት ቤት ሲሆን አብሬው እሄድ ነበር። በየቤቱ የሰማነው ያንተን ስም ነው። የጠዋቶቹ «ታዬ ቢኖር ይህን አይፈቅድም ነበር» ይላሉ። የከሰዓቶቹ «መጋቢ ታዬ ቢኖሩ ይፈቅዱልን ነበር» ይላሉ። ያንተን አጥንት በሁለት ጫፍ ይጎትቱት ጀመር።

በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ይኸው ሲደገም ትዕግሥቴ አለቀ። ተነሥቼ «የባሌን ስም ለመታረቅ ከሆነ ጥሩት፤ ለመጣላት ከሆነ ግን ይረፍ፣ ተዉት። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ እኔም ቢሆን ዛሬ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። የምናውቀው ነገር ቢኖር እሱ ሞቷል፣ እኛ አለን፣ ሥራውም የእኛ ነው» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

ቀጥሎ ገመቹ ተናገረ። ጉዳዩን አጥንተው የመጨረሻውን ሐሳብ ለጉባኤው የሚያቀርቡ ሰዎች እንዲመረጡ ጠየቀ። እሺ ተባለ። ሰብሳቢያቸው ደግሞ ጋሽ ዘነበ እንዲሆኑ እጠይቃለሁ አለ። አንዱ ሽማግሌ ሳያስበው «ሥጋ ለጅብ አደራ!» አለ። ጋሽ ዘነበ ራሳቸው ደነገጡ። ቀይ ካርድ እንዳየ ተጫዋች ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

ገመቹ ወደ እሳቸው ዞሮ «ጋሼ፣ ከእኛ ሁሉ ይህን ቤት አብልጠው የሚወዱት እርስዎ ነዎት። የሚወዱትን ቤት እንዳይፈርስ አድርገው ይዳኙት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ሳይወስኑ በፊት የከሰዓቱን ጉባኤ መጥተው ይዩ» አላቸው። እሳቸውም በቁጣ «እመጣለሁ!» አሉ።

እኔ ያን ቀን ስፈራ ነው የዋልኩት። ገመቹ ሥልጣኑን ለተቃዋሚው አስረክቦ ነው የወጣው። ሊበላው ይችላል። ግን አንተም እኮ ያደረግከው ይህንኑ ነበር፤ በየስብሰባው ለሚሟገትህ ሰው ነው መድረኩን የሰጠኸው። ሳስበው ቀለለኝ።

ጋሽ ዘነበ የመጀመሪያውን እሑድ መጡ። ቀድመው ደረሱ፣ ፊት ወንበር ተሰጣቸው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ወጡ። በሁለተኛው እሑድ ዘግይተው ደረሱ፤ አዳራሹ ሞልቷል። አስተናጋጁ ሰው አስነሥቶ ሊያስቀምጣቸው ቢል እንቢ አሉ። ከሸራው ሥር ቆሙ። ያን ቀን ዝናቡ እንዴት እንደጣለ! ሸራው ውኃ ቋጥሮ ቋጥሮ በጠርዙ ሲለቀው በጋሽ ዘነበ አንገት በኩል ኮታቸው ውስጥ ገባ። አጠገባቸው አዴ ወርቂቱ ነበሩ፤ ከጭልሞ በኩል ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተው የሚመጡት እናት። አዴ ወርቂቱ አማርኛ አያውቁም። የጋሽ ዘነበ አፋን ኦሮሞ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። እኚያ እናት ሰውየው ማን እንደሆኑ ሳያውቁ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይሏቸዋል፤ ኑ፣ ጠጋ በሉ ማለታቸው ነው። ከዚያ የለበሱትን ጋቢ እኩሌታ አንሥተው በጋሽ ዘነበ ራስ ላይ ጣል አደረጉላቸው። ሁለቱ አዛውንቶች በአንድ ጋቢ ሥር ሆነው ስብከቱን ጨረሱት። በመስኮት በኩል አየኋቸው። ጋሽ ዘነበ ያዩት የነበረው መድረኩን አልነበረም። አዳራሹን ነበር፤ ድንጋዩን፣ ራሳቸው ያቆሙትን ግድግዳ፣ ከውጭ በኩል።

ታዬ፣ አዴ ወርቂቱ አንተንም አንድ ጊዜ እንዳስተማሩህ ትዝ አለኝ። በአፋን ኦሮሞ ልስበክ ብለህ በጎልማሳነትህ የጀመርክ ሰሞን ነው። በቤት እኔን እያስቸገርክ ቃላት ታጠናለህ፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ይጠፋብሃል። «በክርስቶስ ያለ ሰው አዲስ ፍጥረት ነው» ልትል ፈልገህ፣ «ሃራ» ማለት ሲገባህ «ሀሬ» አልክ። ሰውን ሁሉ የአህያ ፍጥረት አደረግከው! አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። አዴ ወርቂቱ ከመሃል ተነሥተው «ሃራ! ሃራ!» ብለው አረሙህ። አንተም ከመድረኩ ጫፍ ድረስ መጥተህ፣ እንደ ተማሪ «ሃራ» ብለህ ደገምክላቸው፤ እሳቸው «ጋሪ»፣ ጥሩ ነው፣ እስኪሉህ ድረስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕዝቡ አንተን የሚሰማበት ጆሮ ተለወጠ። የከተማ አማራ ቤት ልጅ በእነሱ ቋንቋ፣ በእነሱ ፊት ለመሳሳት ደፍሯልና። ያን ቀን ቤት ስንገባ አኩርፌህ ነበር። አንተ ግን «ዲንቄ፣ የማያውቁትን ለሚያውቁት ማስረከብ እንዴት ያሳርፋል!» እያልክ እራትህን በልተህ ጨረስክ።

ወደ ጋሽ ዘነበ ልመለስ። በሳምንቱ ጉባኤው በሙሉ፣ የጠዋቱም የከሰዓቱም፣ በአንድነት ተሰበሰበ። ጋሽ ዘነበ መድረኩ ላይ ወጡ። ወረቀት አልያዙም። «እኔ ድንጋይ የተሸከምኩት ሰው ውጭ እንዲቆም አልነበረም» አሉ። ቀጥለውም «ጠዋቱን ለእነሱ እንስጥ። እኛ ከሰዓት እንምጣ፤ ቤታችን ቅርብ ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሁላችንም በአንድነት፣ በሁለቱም ቋንቋ» አሉ። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ጠቁመው «እናንተ ደግሞ መድረክ መውጣት ስትፈልጉ ጠይቃችሁ ውጡ፤ ባለጌዎች!» አሉ። ሳቅና እንባ ተደባለቀ። ያ «ቤቱ የእርስዎ ነው ወይ» ያላቸው ወጣት መጥቶ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲጎነበስ ቀና አድርገው አቀፉት።

ሁሉም ሰው አልረካም። ይህን ካልነገርኩህ ግማሽ ወሬ ይሆናል። አንድ ትልቅ ቤተሰብ ጥሎን ወጣ፤ ሌላ ጉባኤ ገብቷል። ገመቹ አሁንም ይጠይቃቸዋል። ተመለሱ አይላቸውም፤ ልጃቸው ስትመረቅ ሄደ፣ አባትየው ሲታመሙ ሄደ። «ለምን ትደክማለህ?» ስለው «በጎቼ ባይሆኑም ጎረቤቶቼ ናቸው» አለኝ። ጋሽ ዘነበ ደግሞ ከሰዓት ሲመጡ በምዕራብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋቻቸው ሁልጊዜ ያጉረመርማሉ፤ መጋረጃ እንዲሰፋ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው።

አሁን የምነግርህ ደግሞ ያስቅሃል። ጊንጪ ላይ ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለመጡ መጋቢዎችና መሪዎች ሥልጠና ተዘጋጅቶ ነበር። የእኛን ጉዳይ ሰምተው እኔን «ስለ ክርስቲያናዊ አመራር ተናገሪ» ብለው ጠሩኝ። እኔን! ሌሎቹ ተናጋሪዎች ኮምፒውተር ይዘው፣ በግድግዳ ላይ ምስል እያሳዩ ነው የሚያስተምሩት። እኔ መነጽሬንና መጽሐፍ ቅዱሴን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የምናገረው ስለ አንተና ስለ ገመቹ መሆኑን ሳስብ ጸናሁ። ይህንኑ ለአንተ የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ከመድረክ እንዴት እንደወረድክ፣ ከወረድክ በኋላ እንዴት ዝም እንዳልክ። ገመቹ ገመዱን እንዴት እንደነቀለ። መሪ ማለት የመጨረሻው ቃል የእሱ የሆነ ሰው ነው ብለው ለሚያስቡት፣ በእኛ ቤት የመጨረሻውን ቃል የተናገረው በዝናብ የራሰ ጡረተኛ መሆኑን ነገርኳቸው።

ጥያቄ ሲከፈት አንድ ጠና ያለ መጋቢ ከኋላ ተነሣ። «እህቴ፣ እውነቱን ልናገር። መልቀቁን አልጠላሁም። ግን ከለቀቅኩ በኋላ ማን ነኝ? ሰው ይረሳኛል» አለ። የሁሉም ጥያቄ ነበር። አላሳመርኩለትም። «አዎ፣ ይረሱሃል። ባሌንም ረስተውት ነበር። በሳምንት ሦስት ሰው ይመጣ የነበረው በወር አንድ ሆነ። መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፤ ስልኩን እያነሣ ያይ ነበር። ከዚያ ቲማቲም ተከለ። ከእኔ ጋር ጉደር ድረስ ሄዶ ፏፏቴውን አየ፤ እዚሁ አጠገቡ ኖሮ አይቶት አያውቅም ነበር። ሲሞት የጉባኤው መጋቢ አልነበረም፤ የእኔ ባል፣ የሌንሳ አባት ነበር። እሱ ሲሞት ግን ጉባኤው አልወደቀም» አልኩት። ሲወጣ በሩ ላይ እጄን ጨብጦ «ሚስቴን ነገ ጉደር እወስዳታለሁ» አለኝ። ስለ መድረኩ ምን እንደወሰነ አልጠየቅኩትም።

ከጊንጪ ስመለስ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አስበው ጠበቁኝ። አዳራሹን በአንተ ስም ሊሰይሙት፣ ምስልህንም በትልቁ አሠርተው መግቢያው ላይ ሊሰቅሉት። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እንቢ አልኩ። ገመቹ በየሳምንቱ ባንተ ዓይን ሥር እያለፈ እንዲሰብክ አልፈልግም፤ ከሩቅ የመጣች እናትም ቤቱ የማን እንደሆነ ከመግቢያው አንብባ እንድትገባ አልፈልግም። ቅር አላቸው፤ ግን ተቀበሉኝ። አትቆጣኝም አይደል? እኔ እንደሆንኩ በውሳኔዬ እርግጠኛ ነኝ።

የሽማግሌነት ጊዜዬም በመስከረም ያበቃል። ቀጥዪ አሉኝ። መሠረት የምትባል፣ ከመዘምራኑ መካከል አስተዋይዋን ሴት፣ በእኔ ቦታ እንዲያስቧት ጠየቅኳቸው። አሁን ወደ ሐዘን ቤትም ወደ ታማሚም ስሄድ አስከትላታለሁ። ብዙ ታወራለች፤ ይሻሻላል።

እንግዲህ ይህ ነው ወሬዬ፤ ከነመጨረሻው። መንጋው አለ። ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ያድጋል። ያስረከብከው ሰው እያነከሰም ቢሆን ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። አትስጋ።

እኔም ላስታውስህ ቃል እገባለሁ። ትክክል ነኝ ብዬ አፌን ልከፍት ስል አስታውስሃለሁ። ሰው ሌላውን ሊያማልኝ በሬን ሲያንኳኳ አስታውስሃለሁ፤ ኮቴን አንሥቼ «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» እላለሁ። ይህን ያህሉ ለመጋቢዎቹም ይጠቅም እንደሆነ ይውሰዱት። ከዚህ ሌላ ግን አንተን የማስታውስበት ብዙ ነገር አለ፤ ስታስነጥስ ግድግዳው የሚያስተጋባው፣ ቀዝቃዛ እግርህ፣ ስሜን የምትጠራበት ድምፅ። እሱ ትምህርት የለውም፣ ለማንም አይነገርም። እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ዲንቄህ፣
ከአምቦ